ውዴና የቅጥቅጧ ጣሪያ

ከደብረ ታቦር መውጫ፣ ከጉብታው ሥር፣ ጎማ የምለጥፍ ጎሚስታ ነኝ፤ ስሜ ጌጡ ይባላል። በሥራዬ ብዙ ዓይነት መኪና አይቻለሁ። ልብስ የሚሰፋባት መኪና ግን ያየሁት አንዲት ብቻ ነው፤ እሷም የውዴ ቅጥቅጥ ናት። ቅጥቅጥ እንደምታውቁት በአይሱዙ ላይ ቆርቆሮ ተቀጥቅጦ የሚሠራ አውቶቡስ ነው። ይህችኛዋ ከባሕር ዳር ደብረ ታቦር ስትመላለስ አርጅታ ከመስመር የወጣች ናት። ሞተሯ በደኅና ቀን ራሱ ይነሣል፣ በክፉ ቀን እኛ እንገፋለን።

ውዴ የፋርጣ ገበሬ ልጅ ናት። በአፍላነቷ ቤሩት ሄዳ ሰው ቤት ሠራች፤ ልብስ መስፋትንም እዚያው ለመደች። ስትመለስ ቀጭን፣ ቀልጣፋ፣ ያመነችበትን ከመናገር የማትመለስ ሴት ሆና መጣች። «ከእንግዲህ የሰው ቤት አልጠርግም፤ የሰው ቤት ተከራይቼም ውኃ አበዛሽ፣ መብራት አበዛሽ አልባልም» ብላ ማለች። የአገሬ ሰው መማል ይወዳል፤ የሚፈጽመው ግን ጥቂት ነው። እሷ ፈጸመችው። ያችን ቅጥቅጥ ሲነዳ የኖረውን ካሳሁንን አገባች፤ መኪናዋም ተቆራርጣ ለብረት ልትሸጥ ስትል ሁለቱ ተረባርበው ገዟት።

ወንበሮቹን ነቃቅለው ከሹፌሩ ኋላ የስፌት ማሽን ተከሉ። ከመጋረጃው ወዲያ አልጋቸው አለ። በገበያ ቀን አንበሳሜ ወይም ሐሙሲት ይወርዳሉ፤ በሌላው ቀን ከእኔ ሱቅ አጠገብ ይቆማሉ። ዘመድ መቼም አፍ አለው፤ «ሴት ልጅ እንዴት በመኪና ውስጥ ትኖራለች?» እያሉ ሲያሟት ሰማች። «ቀንድ አውጣም ቤቱን ተሸክሞ ነው የሚዞር፤ ማን ምን አለው?» ብላ መለሰች። ከዚያ ወዲያ የጠየቃት የለም።

የውዴ ኑሮ ሁሉ የተንጠለጠለው ጣሪያው ላይ ነው። እዚያ፣ ዕቃ በሚጫንበት ፖርቶ መጋላ ላይ፣ ሁለት ሶላር ተኝተዋል። ማሽኑም፣ አምፖሉም፣ ገበያተኛው ቻርጅ ሊያስደርግ የሚያመጣው ስልክም የሚቀለበው ከእነሱ ነው። ባትሪው እንደ መኪናዋ ያረጀ ስለሆነ የዛሬን ፀሐይ ለነገ አያሳድርም። ፀሐይ ካለ ውዴ ትሰፋለች፤ ፀሐይ ከሌለ እጇን አጣጥፋ ትቀመጣለች። ስለዚህ ሶላሩን የምታየው እንደ ጌጥ አልነበረም። ወደ ሰው ቤት ላለመመለስ ያላት ዋስትና እሱ ነበር።

ካሳሁን ደግሞ ግዙፍ፣ ዝምተኛ፣ ሲስቅ ትከሻው ብቻ የሚነቃነቅ ሰው ነው። ከሞተችው ሚስቱ የወለዳት መሰረት የምትባል አንዲት ልጅ አለችው። አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም ይላሉ፤ የእሱ አንዲት ዓይን ግን ሪያድ ሄዳ ሰው ቤት ትሠራለች። የምትደውለው ማዳሟ ምሳ በልታ ስትተኛ ነው፤ በኢሞ፣ መልኳን እያሳየች። ሌላ ጊዜ ስልኳን ስለምትደብቀው እሱ ልደውልላት ቢልም አያገኛትም። ታዲያ እኛ ያለንበት ቦታ ጉድጓዳ ነው፤ ኔትወርክ ሲሻው ይመጣል፣ ሲሻው ይሄዳል። አንድ ክረምት ሙሉ ደውላ ደውላ አላገኘችውም። አባቴ ሞቶ ደብቀውኛል ብላ በሰው በሰው ስታጣራ ቆየች። ይህን የሰማ ቀን ካሳሁን ምሳውን ሳይበላ ተነሥቶ ጉብታው ላይ ወጣ። ከዚያ ጀምሮ ከሰዓት በኋላ የሚገኘው እዚያ ጫፍ ላይ ነበር፤ ስልኩን በሁለት እጁ ይዞ፣ በፀሐይም በነፋስም።

ጉልበቱ እምቢ ሲለው ባሕር ዳር ወርዶ አንቴና ገዝቶ መጣ። የዓሣ አጥንት የሚመስለው ዓይነት ነው፤ በረጅም ቧንቧ ላይ ተሰቅሎ አፉን ወደ ኔትወርኩ ማማ ሲያዞሩት ያን የራቀውን ሞገድ ይስባል፤ ውስጥ ያለች ትንሽ ሣጥን ደግሞ ታጎላዋለች። ስልክ የሚሠራው ከሣጥኗ አጠገብ ነው። ለጠየቀው ሁሉ «ለሬዲዮ ነው» ይላል። የፋርጣ ወንድ «ልጄ ናፈቀችኝ» አይልማ፤ ቢሞት አይላትም። እኛም እያወቅን «እህ፣ ሬዲዮ ደኅና ነገር ነው» እንለዋለን።

ጠቡ የተነሣው ቧንቧው ከቆመበት ቦታ ነው። ካሳሁን በገበሬ ቤት ያደገ ስለሆነ ምሰሶ የሚቆመው መሐል ነው ብሎ ያምናል። ስለዚህ ቧንቧውን ከጣሪያው መካከል፣ ከሁለቱ ሶላሮች መሐል ገተረው። ወሩ ጥር ነበር፤ የሠርግ ወቅት። ውዴ የአንዲት ሙሽራንና የሚዜዎቿን ልብስ ተቀብላ ቀን ተቆርጦባታል። ጧት ጥላው የኋላውን ሶላር ይመታዋል፣ ከሰዓት የፊቱን ይመታዋል፤ ማሽኑም እንደ ደከመ ሽማግሌ እየቆመ ይሄድ ጀመር።

«ምሰሶህን ከሶላሬ ላይ አንሣልኝ» አለችው።

«ምሰሶ መሐል ካልቆመ ቤት አይጸናም።»

«ይኸ ቤት አይዶለም፤ መኪና ነው።»

«ለዘመዶችሽ ቤቴ ነው ስትዪ አልነበረም?»

እኔ ጎማ እየነፋሁ ነበር፤ ሳቄን ልውጠው ብል አልቻልሁም። ውዴ ዞራ አየችኝ። እሷ ስታይህ ሥራህን ትቀጥላለህ።

በማግሥቱ እሱ ገበያ ሲሄድ እሷ ቧንቧውን ወደ ጥግ ገፋችው፤ ተመልሶ እሱ ወደ መሐል መለሰው። እሷ ሶላሮቹን አሸሸች፤ እሱ ነፋስ ይወስዳቸዋል ብሎ መልሶ አሰራቸው። ለሦስተኛ ጊዜ ጣሪያው ላይ ሲተላለፉ ሳይ ነገሩ ለሽማግሌ ደረሰ ብዬ አያ አለሙን ጠራሁ። አያ አለሙ በአካባቢያችን መሬት በማካፈል የታወቁ ሰው ናቸው። ወንድማማቾች ሲጣሉ፣ ባልና ሚስት ሲፋቱ ገመድ የሚጥሉት እሳቸው ናቸው። ያካፈሉት መሬት ተመልሶ ክርክር አያውቅም ይባላል። እኔም ሁለተኛ ሽማግሌ ሆኜ ተቀመጥሁ፤ ቦታው የእኔ ስለሆነ እንጂ ለሽምግልና የሚበቃ ጢም እንኳ የለኝም።

ውዴ ለባሏ ብቻቸውን ሲሆኑ «አንተ» ነው የምትለው። ሽማግሌ ፊት ግን ነጠላዋን አደግድጋ «እርሳቸው ምሰሷቸውን ከሶላሬ ላይ ያንሡልኝ» አለች። ካሳሁን ከስድብ ይልቅ በዚህ አንቱታ ደነገጠ። አንቴናው ለምን እንዳስፈለገው ሲጠየቅ «ለሬዲዮ» አለ። አያ አለሙ ለረጅም ጊዜ አዩት። «ለሬዲዮም ቢሆን ድርሻ ይገባዋል» አሉ።

ከዚያ ውሳኔያቸውን ሰጡ። «ጣሪያውን ምድር ነው ብላችሁ አስቡት። ባልና ሚስት እኩል ነው የሚካፈል። ገመድ ይጣል።» እኔ ጣሪያው ላይ ወጣሁ፤ እሳቸው ከታች ሆነው ገመዱን አስጣሉኝ፣ አሳጠፉኝ፣ እንደገና አስለኩኝ። የፊቱ ግማሽ ለውዴ ሆነ፤ የኋላው ለካሳሁን። ሁለቱ ሶላሮች ፊት ላይ ጎን ለጎን ተኙ። እስከዚህ ድረስ ደኅና ነበር። ችግሩ ክፍፍል ያለ ድንበር አይሆንም ማለታቸው ነው። ገበሬ ድንበር ላይ ድንጋይ ይተክላል። «ድንጋይ ከመኪና ላይ ይወድቃል» አሉና ጥቂት አሰቡ። «እንግዲያው ቧንቧው ራሱ ድንበር ይሁን። መስመሩ ላይ ይተከል። ከዚህ ወዲያ የተሻገረ፣ ከዚያ ወዲህ ያለፈ፣ ረድኤት አያግኝ።»

ሁላችንም አሜን አልን። እኔም ብሎኑን ያጠበቅሁት በገዛ እጄ ነው። ጠላ ተጠጣ፤ አያ አለሙ መርቀው ሄዱ። እንዲህ ያለ ሽምግልና አይቼ አላውቅም እያልሁ ኮራሁ።

በማግሥቱ ጧት ማሽኑ ሲዘምር ዋለ። ውዴም አብራው ታንጎራጉር ነበር። ቀትር ሲያልፍ ግን ማሽኑ አቃሰተና ቆመ። ወጥቼ አየሁ። መኪናዋ አፍንጫዋን ወደ ምሥራቅ አድርጋ ነው የቆመች። ፀሐይ ወደ ምዕራብ ስታዘነብል የድንበሩ ቧንቧ ጥላውን ወደ ፊት ዘርግቶ በውዴ ድርሻ ላይ ተጋድሟል። ጥላው ከጣት ብዙም አይወፍርም። ነገር ግን ሶላር ማለት እንደ ጥማድ በሬ ነው፤ አንዱ ሲተኛ ሌላውም ይቆማል። የሙሽራዋ ቀሚስ ጥለቱ ተጀምሮ እጅጌው ተንጠልጥሎ ቀረ።

ውዴ ጊዜ አልፈጀችም። ካሳሁን ውኃ ሊቀዳ ሄዶ ነበር። መሰላሉን በሁለት እርምጃ ወጥታ ብሎኑን ፈታች፤ ቧንቧውን ከነአንቴናው ጣሪያው ላይ አጋደመችው። «ውዴ፣ የሽማግሌ ቃል» አልኋት። «ሽማግሌው ቀሚስ ይሰፉልኛል?» አለችኝ። ማሽኑ እንደገና ተነሣ።

ካሳሁን ሲመለስ ስልኩን ከሣጥኗ አጠገብ አንሥቶ አየው። ኔትወርኩ ጠፍቷል። ከዚያ ወደ ጣሪያው ቀና ብሎ የተጋደመውን ቧንቧ አየ። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ብሎ ይጮኻል ብዬ ስጠብቅ እሱ የመኪናዋ ደረጃ ላይ ተቀምጦ ስልኩን ጉልበቱ ላይ አደረገ። የደውል ምልክት የለውም፤ መሰረት ሞክራ ይሁን ሳትሞክር የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም። እስኪመሽ ድረስ እዚያው ነበር። ውዴ በመስኮት አየችው። እግሯን ከማሽኑ ላይ አነሣች። እኔ ስለሁለቱም አዘንሁ፤ እሷም ጥፋት የለባት፣ እሱም ጥፋት የለበት። ካጠፋን ያጠፋን እኔና አያ አለሙ ነን።

በነጋታው ሄጄ ነገርኋቸው። አያ አለሙ የፈረዱት ሲፈርስ አይወዱም፤ ፊታቸው ጠቆረ። «መሬት አካፍዬ እንዲህ ሁኖብኝ አያውቅም። እስቲ ራሴ ልየው» ብለው ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ጃንጥላቸውን ይዘው መጡ። ዕድሜያቸው ሰባን አልፏል። አይውጡ ብንል አልሰማ አሉ። እኔ ከኋላ እየገፋሁ፣ ካሳሁን ከላይ እየሳበ ጣሪያው ላይ አወጣናቸው። ፖርቶ መጋላው ላይ ተመቻችተው ተቀመጡ፤ ፀሐዩ ከረር ስላለባቸውም ጃንጥላቸውን ዘረጉ።

ማሽኑ ቆመ።

«አያ አለሙ» አለች ውዴ ከውስጥ፣ ድምፅዋን አለስልሳ፤ «ጃንጥላዎን።»

«ምን ሁኗል ጃንጥላዬ?»

«ሶላሬ ላይ ነው የዘረጉት።»

ጃንጥላውን አጠፉ። ማሽኑ ተነሣ። ደግመው ዘረጉ። ቆመ። እኒያ ትልቅ ሰው እንደ ልጅ ሦስት አራት ጊዜ እያጠፉ እየዘረጉ ማሽኑን አስቆሙ፣ አስነሡ። ከሁለት ቀን በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ የካሳሁን ትከሻ ሲነቃነቅ አየሁ። አያ አለሙ ግን አልሳቁም። ዓይናቸው ከቧንቧው ወደ ሶላሩ፣ ከሶላሩ ወደ ፀሐይ ይመላለስ ነበር።

«እኔ እኮ ምን አለፋኝ?» አሉ በመጨረሻ። «ይኸ የባሕር ዛፍ ነገር ነው።»

ባሕር ዛፍ በእኛ አገር ብዙ ጎረቤት አጣልቷል። ድንበር ላይ ከተተከለ ሥሩ የዚያኛውን ውኃ ይጠጣል፣ ጥላው የዚያኛውን ጤፍ ያቀጭጫል። ስለዚህ ሽማግሌ ሲፈርድ ምድሩን ብቻ ለክቶ አይነሣም፤ ጥላው የት እንደሚያርፍም ያያል። አያ አለሙ ይህን ስንት ጊዜ ፈርደዋል፤ ቧንቧ ቅጠል ስለሌለው ዛፍ መሆኑ አልታያቸውም ነበር።

«የተከለ ሰው ጥላውን በራሱ ምድር ላይ ይጣል» አሉ። «ካሳሁን፣ አንቴናህ ከድንበሩ ተነሥቶ ከጣሪያው መጨረሻ ይቁም፤ ከኋላው መሰላል ላይ ይታሰር። በበጋ ጀንበር በደቡብ በኩል ነው የምትሄድ። መኪናዋ አፍንጫዋን ወደ ደቡብ ካደረገች ጥላው ወደ ኋላ፣ ማንም ያላረሰው መሬት ላይ ይወድቃል።»

«መሬት አይዞርም አያ አለሙ፤ መኪና ግን ይዞራል» አለ ካሳሁን። «ነገ አንበሳሜ ብንሄድስ?»

«ሹፌር አይዶለህም? አንተም አዙራት እንጂ። ክረምት ሲገባ ጀንበር ወደ ሰሜን ስትሻገር ደግሞ አፍንጫዋን ወደ ሰሜን።»

«ኋላው ላይ ዝቅ ይልብኛል። ኔትወርኩን ላላገኘው ነው።»

አያ አለሙ እጃቸውን ትከሻው ላይ አደረጉ። «ስንት ዓመቷ ነው አሁን መሰረት?» አሉት። ስለ ሬዲዮ አንድም ቃል አላነሡም። ካሳሁን ዕድሜዋን ነገራቸው። እሳቸውም ከገዛ ዛፋቸው ቀጥ ያለ ረጅም አጣና አስቆርጠው ላኩ። ቧንቧውን በአጣናው ጫፍ ላይ አሰርነው፤ ከፊተኛው ቁመቱ እጅግ በለጠ። መኪናዋንም ገፍተን ወደ ደቡብ አዞርናት፤ ያን ቀን ሞተሩ እምቢ ካለባቸው ቀናት አንዱ ነበር። ውዴም ወርዳ ገፋች። ካሳሁን መሪውን ይዞ «አንቺ ተይው» ቢላት «ዝም ብለህ አዙር» አለችው። አንተ ማለቷን ስሰማ ሰላም ወረደ አልሁ።

ከሰዓት በኋላ እኔ አጣናውን ይዤ አንቴናውን በትንሽ በትንሹ አዞራለሁ፤ ካሳሁን ከውስጥ «ጥቂት ወደ ቀኝ፣ ደግሞ ጥቂት» ይላል። ማሽኑ ያለማቋረጥ ይሰፋል። ድንገት ስልኩ ጮኸ። ውዴ እግሯን ከማሽኑ ላይ ወዲያው አነሣች፤ ሣጥኗ ያለችው ከማሽኑ አጠገብ ስለሆነ የማሽኑ ድምፅ እንዳይረብሽ ነው። እኔም አጣናውን ትቼ በመስኮቱ አየሁ። መሰረት ነበረች፤ መልኳ ጥርት ብሎ፣ ፀጉሯን በሻሽ ሸብባ። ካሳሁን «ጤና ነሽ? በልተሻል?» አለ። «ጤና ነኝ አባባ፤ በልቻለሁ» አለች። እነዚህ ሁለት ሰዎች ከዚህ ሌላ መነጋገር አያውቁም። በላሁ ትላለች፣ ደስ አለኝ ይላል፣ ማዳሟ ትነቃለች።

ያን ቀን ግን መሰረት «እትዬ ውዴን ስጠኝ እስቲ» አለች።

ውዴና መሰረት ብዙ አይነጋገሩም ነበር። የእንጀራ እናት ነገር መቼም የታወቀ ነው፤ ክፉ ባትሆን እንኳ ክፉ ትባላለች። ውዴ ስልኩን ተቀብላ ጥቂት እንዳወራች መሰረት በድንገት ወደ ዓረብኛ ዞረች። ውዴ መጀመሪያ ደነገጠች፤ ከዚያ እሷም በዓረብኛ መለሰች። ካሳሁን ከአንዷ ወደ ሌላዋ ይመለከታል። የተናገሩት አልገባንም፤ «ሐቢብቲ» እና «ኸላስ» የሚሉትን ብቻ ነው የለየሁት። ልጅቱ ፈጥና ፈጥና ታወራለች። ውዴ ደግሞ ስልኩን አዙራ ማሽኑን፣ የተሰቀለውን የሙሽራ ቀሚስ፣ አልጋቸውን ሁሉ አሳየቻት፤ በመስኮት አውጥታም ጣሪያውን ልታሳያት ሞከረች። ወደ ፊቷ ስትመልሰው ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር።

«ምን አለች?» አለ ካሳሁን።

«ኮንትራቷ አልቋል። አገሬ መግባት እፈልጋለሁ ነው የምትል።»

«ታዲያ ምን ከለከላት? ለኔ ለምን አትነግረኝም?»

«አፍራ ነዋ» አለች ውዴ። «ባዶ እጄን ብመጣ አባቴ ሰው ፊት ቀና ብሎ አይሄድም ብላ ነው። እኔም ስመጣ እንዲሁ ነበርሁ። ማንም ነይ ያለኝ አልነበረም።»

ካሳሁን ስልኩን ተቀበለ። ሁለቱን እጆቹን ገጥሞ ወደ ፊቱ አስጠጋው፤ ጉብታው ላይ ሲይዘው እንደነበረው።

«መሰረት» አለ፤ «ስትሄጂ እጅሽ ላይ ምን ነበረ?»

«ምንም።»

«ባዶ እጅሽን ነው የሸኘሁሽ። ባዶ እጅሽን ነይልኝ። ናፍቀሽኛል።»

ከወዲያ ድምፅ ጠፋ። መልኳም ከስልኩ ላይ ዞር አለ፤ ግድግዳ ብቻ ነው የሚታየው። እኔ ኔትወርኩ ሄደ ብዬ አንቴናውን ላዞር ወደ አጣናው ስሮጥ ውዴ በመስኮት ክንዴን ያዘችኝ።

«ተወው አያ ጌጡ» አለች። «ኔትወርኩ አለ። እያለቀሰች ነው።»